ማንዶሊንና ክራር

የኢጣልያ ስም ሲነሣ በወለጋ አስቀድሞ የሚታሰበው ቦነያ ነው። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳ አርበኞች በነቀምቴ አውራጃ ቦነያ ላይ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች በሌሊት አጥቅተው አቃጥለዋቸዋል። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ስለ ኢጣልያ ዕቃ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን የጠላት ጦር ሌላ፥ የእጅ ጥበብ ሌላ ነው።

በአሜሪካ አገር በሳውዝ ዳኮታ፥ በቨርሚሊየን ከተማ ባለው የሙዚቃ ሙዚየም አንድ ጥንታዊ የኢጣልያ ማንዶሊን ይገኛል። የሠራው በቫዮሊኖቹ የታወቀው የክሬሞናው አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ ሲሆን፥ የተሠራበትም ዘመን በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1680 ነው። በዚያ ጊዜ የማንዶሊን አውታር ልክ እንደ ቀድሞው ክራራችን ከእንስሳት አንጀት ይሠራ ነበር። በኋላ ግን በናፖሊ ከተማ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተወጠረ 8 አውታር ያለው፥ ሆዱ እንደ ቅል የጐበጠ ማንዶሊን ተስፋፋ፤ አውታሩም ወደ ብረት ተለወጠ።

ይህ መሣሪያ ወደ አገራችንም ገብቷል። አቶ አየለ ማሞ በማንዶሊን የኢትዮጵያን ዜማ በመጫወት ታላቅ ዝና አትርፈዋል። ዕቃው የባዕድ ቢሆንም ቅኝቱን የሚሰጠው የተጫዋቹ ጆሮ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ እናስተውል። ከ3 መቶ ዓመት በላይ የሆነው ያ ማንዶሊን ሠሪው ማን እንደ ሆነ፥ መቼና የት እንደ ተሠራ ይታወቃል። በኦሮምኛ ክራራ የምንለውን ክራራችንን የሠሩ የወለጋ ባለ እጆች ግን የስንቶቹ ስም ተጽፎ ይገኛል? በነቀምቴ የወለጋ ሙዚየም የሕዝባችንን ጥንታዊ ዕቃዎች ይጠብቃል፤ ነገር ግን ዕቃ ብቻውን አይናገርም። ታሪኩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ ታሪኩም አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ ለክረምት ዕረፍት ወደ ጊምቢ፥ ወደ ሻምቡ፥ ወደ ደምቢ ዶሎ ስንመለስ ደብተርና እርሳስ እንያዝ። ክራሩን ማን ሠራው? ከምን እንጨትና ከምን ቆዳ? ከማንስ ተማረ? ብለን አባቶቻችንን እንጠይቅና እንጻፍ። ስትራዲቫሪን ያደነቅን የአገራችንን ባለ እጅ ስም ሳናውቅ ብንቀር ትምህርታችን ጎደሎ ይሆናል።