የሞተር ዘይት ማጣሪያ፤ አመጣጡና አመራረጡ

አውቶሞቢል ከተፈለሰፈ በኋላ ለአንድ ትውልድ ያህል የዘይት ማጣሪያ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ከ1908 እስከ 1927 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው ፎርድ ሞዴል ቲ ማጣሪያው ይቅርና የዘይት ፖምፓም አልነበረውም፤ ዘይቱ በሚሽከረከሩት ክፍሎች እየተረጨ ወደየቦታው ይደርስ ነበር። በዚህም ምክንያት ከመንገድ የገባው አቧራ፣ ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወድቀው ብናኝና ከቃጠሎ የተረፈው ጥላሸት ከዘይቱ ጋር እየዞሩ ሞተሩን ሲበሉት ይኖሩ ነበር። የታወቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ ዘይቱን በየጥቂት መቶ ማይሉ ደፍቶ በአዲስ መተካት።

ከዚህ የተሻለው ዘዴ የተገኘው ከአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ውጭ ነው። አሜሪካዊው ኧርነስት ስዊትላንድ በስኳርና በኬሚካል ፋብሪካዎች ፈሳሽን ከዝቃጭ ለመለየት በሚያገለግሉ የማጣሪያ መሣሪያዎች ሥራው አስቀድሞ ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። ይኸው ሰው ከጆርጅ ግሪንሃልጅ ጋር ሆኖ በ1923 ለሞተር ዘይት የሚሆን ማጣሪያ አወጣ፤ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱም በ1929 ጸደቀለት። ማጣሪያው ፒዩሮሌተር ተባለ። ስያሜው «ንጹሕ ዘይት፣ በኋላም ቢሆን» እንደማለት ካሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጦ የተገጣጠመ ነው።

በ1924 ለሕዝብ የቀረበው የክራይስለር አውቶሞቢል የዘይት ማጣሪያንና የአየር ማጣሪያን ከፋብሪካው ይዞ ወጣ። በዚህም ዘይት ማጣሪያን በመደበኛነት በማስገጠም ከብዙ ምርት አውቶሞቢሎች ቀዳሚ ሆነ። ዋልተር ክራይስለር ይህን ያደረገው ለገዢው ካለው ርኅራኄ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። ሞተሩ በዘመኑ ከነበሩት ይልቅ ከፍተኛ እመቃ ያለው፣ ፈጥኖ የሚሽከረከርና ሰባት ዋና ኩሽኔታዎች ያሉት ነበር። እንዲህ ያለው ሞተር ቆሻሻ ዘይትን የመታገሥ ዐቅሙ ከቀድሞዎቹ ያነሰ በመሆኑ፣ ሞተሩ ባደገ ቁጥር የዘይቱ ንጽሕናም አብሮ ማደግ ነበረበት።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ማጣሪያዎች ሥራቸው ከፊል ነበር። ከፖምፓው ከሚወጣው ዘይት ዐሥር በመቶ የሚሆነው ብቻ በማጣሪያው በኩል ተጣርቶ ወደ ዘይት ቋቱ ሲመለስ፣ የቀረው ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ኩሽኔታዎቹ ይሄዳል። ይህ የጎን ማጣሪያ ዘዴ በብዙዎች ዘንድ እንደ ድክመት ብቻ ይታያል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይመስልም። በእርግጥ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ማጣሪያው ዘንድ ከመድረሷ በፊት ኩሽኔታውን ልትፍቅ ትችላለች። ነገር ግን በጎን የሚያልፈው ዘይት ጥቂትና የማይቸኩል ስለሆነ ማጣሪያውን በጣም ደቃቅ አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ ቢደፈንም ሞተሩ ዘይት አይጠማውም። በትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ይህ ዘዴ ከዋናው ማጣሪያ ጎን እስከ ዛሬ የሚሠራበት ስለዚህ ነው።

ከ1940ዎቹ ወዲህ ዘይቱን በሙሉ የሚያሳልፈው ማጣሪያ እየተስፋፋ መጣ። እዚህ ላይ መሐንዲሶቹ ከአንድ አስቸጋሪ ምርጫ ጋር ተፋጠጡ። የሞተሩ ዘይት በሙሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ በማጣሪያው ይመላለሳል። ማጣሪያው በጣም ከደቀቀ የዘይቱን ፍሰት ያንቃል፤ ከሳሳ ደግሞ ቆሻሻውን ያሳልፋል። በተለይ ዘይቱ ቀዝቅዞ በወፈረ ጊዜ ወይም ማጣሪያው በተደፈነ ጊዜ ሞተሩ ያለ ዘይት እንዳይቀር ግፊቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የሚከፈት ማለፊያ ባልቦላ ተሠራለት። ባልቦላው በተከፈተ ቁጥር የተወሰነ ዘይት ሳይጣራ ያልፋል። ቆሻሻ ዘይት ከዘይት ማጣት ይሻላል በሚል ሒሳብ የተደረገ ስምምነት መሆኑ ነው። በውስጡ ያለውም ማጣሪያ ሙጫ የጠጣ ወረቀት ሆኖ፣ በትንሽ ጣሳ ውስጥ ሰፊ ገጽ እንዲኖረው እንደ ሽንሽን ቀሚስ ተጣጥፎ የተሰናዳ ነው።

በ1954 ዊክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተጠምዝዞ የሚገጠመውንና ካገለገለ በኋላ እንዳለ የሚጣለውን የጣሳ ማጣሪያ አወጣ። ለመካኒኩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ቀድሞ መያዣውን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ጎማውን ለውጦ መልሶ ማሰር የሚጠይቀው ሥራ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ሆነ። ለገዢው ግን የተዘጋ ጣሳ መጣበት። ከዚያ በፊት የሚገዛውን ወረቀት በዓይኑ ያይ፣ በጣቱ ይዳስስ የነበረ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያየው ቀለምና ጽሑፍ ብቻ ነው። ዛሬ ስለ ማጣሪያ አመራረጥ የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ ከዚህ ጣሳ የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጣሳው ላይ ከሚጻፉት ነገሮች ይበልጥ የሚያሳስተው የማይክሮን ቁጥር ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። «20 ማይክሮን» የሚል ማጣሪያ 20 ማይክሮን የሚያህሉትን ቅንጣቶች ከመቶ ስንቱን እንደሚይዝ ካልተነገረ ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም። ግማሹን የሚይዘውም፣ ከመቶ 99 የሚይዘውም ያንኑ ቁጥር ሊለጥፍ ይችላልና። ስለዚህ በዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥር 4548 ክፍል 12 የተደነገገው ፈተና ወደ ማጣሪያው የገቡትንና ከማጣሪያው የወጡትን ቅንጣቶች ቆጥሮ ያነጻጽራል። የውጤቱ መጠሪያ ቤታ ነው። ቤታ 2 ማለት ከሁለት ቅንጣት አንዱ አመለጠ፣ ቤታ 20 ማለት ከ20 አንዱ አመለጠ፣ ቤታ 100 ማለት ከመቶ አንዱ ብቻ አመለጠ ማለት ነው። የጄኔራል ሞተርስ ባለሙያዎች በ1988 ባቀረቡት ጥናት፣ በ40 ማይክሮን ከሚያጣራው ይልቅ በ30 ማይክሮን የሚያጣራው የሞተሩን መበላት በ50 በመቶ፣ በ15 ማይክሮን የሚያጣራው ደግሞ በ70 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በኩሽኔታና በዘንጉ መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ውፍረት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ስለሆነ፣ ይበልጥ የሚጎዳው በዚያ ክፍተት ውስጥ ለመግባት የሚበቃው ደቃቅ ቅንጣት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያነብ የቆየ የአዲስ አበባ መካኒክ «ቮልስስ?» ብሎ ቢጠይቅ ያስኬደዋል። በየሠፈሩ ይታይ የነበረው የፎልክስዋገን ጥንዚዛ ሞተር የወረቀት ማጣሪያ አልነበረውም፤ ከሥሩ በስድስት ትንንሽ ብሎኖች የታሰረ የሽቦ ወንፊት ብቻ ነበረው። ለብዙ ዓመት ማገልገሉም አይካድም። ይሁን እንጂ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለነበረ ፋብሪካው ቶሎ ቶሎ እንዲለወጥ ያዝዝ ነበር፤ ባለቤቶቹም ዘይቱን ባፈሰሱ ቁጥር ወንፊቱን ያጥቡት ነበር። ማጣሪያው ሊሠራ የሚገባውን ሥራ የሠራው የዘይት ለውጡ ነው። የቮልስን ምሳሌ ጠቅሶ ለዘመናዊ ሞተር ርካሽ ማጣሪያ የሚገዛና ዘይቱን 10000 ኪሎሜትር የሚያስኬድ ሰው ምሳሌውን በግማሽ ነው የወሰደው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ አዲስ ክብደት ያገኘው በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በከለከለ ጊዜ ነው። በመንገድ ላይ ያሉት የቤንዚንና የናፍጣ ሞተሮች፣ ብዙዎቹም አገልግለው የመጡ ናቸው፣ ከእንግዲህ ዕድሜያቸው መርዘም ይኖርበታል። የአገሩም ጠባይ አይራራላቸውም። የጠጠር መንገዱ አቧራ አለ። ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለችው አዲስ አበባም በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ትበርዳለች፤ ዘይቱ በወፈረበት በዚያ ሰዓት ሞተሩን አስነሥቶ ወዲያው በኃይል የሚነዳ ሰው ማለፊያ ባልቦላውን ከፍቶ ያልተጣራ ዘይት ለኩሽኔታዎቹ ያጠጣቸዋል።

ፊልትሮ (መካኒኮቻችን ቃሉን እንደ ፖምፓና እንደ ካንዴላ ከጣሊያንኛ ተቀብለውታል) ለመግዛት ሶማሌ ተራ የሚወርድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ለሞተሩ የተመደበውን ቁጥር ማወቅ ይኖርበታል። መልክና መጠን አይበቃም። ሁለት ጣሳዎች በውጭ ፍጹም ተመሳስለው በውስጥ የባልቦላቸው መክፈቻ ግፊት ሊለያይ ይችላል። ጥርሳቸውም እንዲሁ ነው፤ የአንዱ ውፍረት ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ማለትም 19.05 ሚሊሜትር፣ የሌላው 20 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ሰፊው ከቀጭኑ ላይ ተጠምዝዞ የያዘ ይመስላል። በኋላ ግን ሞተሩ ግፊት ሲያነሣ ይላቀቅና ዘይቱን በሙሉ መንገድ ላይ ያፈሰዋል።

ሌላው የሚታየው ነገር ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ከጣሳው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ጎማ ነው። ማጣሪያው በጎን ወይም ተገልብጦ በሚታሰርባቸው ሞተሮች ላይ ይህ ጎማ ወሳኝ ነው። ከሲሊኮን የተሠራው ሙቀት ሲችል፣ ተራው ጎማ ከጊዜ ብዛት ይደርቃል፤ ምልክቱም በየጧቱ ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ሰኮንድ የሚሰማው የብረት መንኳኳት ነው። ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ የወረደ፣ የታወቀ ስም የለበሰ ነገር ግን ኅትመቱ የደበዘዘና የጎማ ቀለበቱ በወጉ ያልተቀመጠ ጣሳ ደግሞ ሐሰተኛ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል።

የተገዛው ማጣሪያ ምን እንደነበረ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ግን ካገለገለ በኋላ ነው። አንዳንድ ጥሩ ጋራዦች የወጣውን ጣሳ በቆርቆሮ መክፈቻ ዓይነት መቁረጫ ይከፍቱታል፤ በመጋዝ አይቆርጡትም፤ የመጋዙ ብናኝ ከሞተሩ ብናኝ ጋር ይቀላቀላልና። ሽንሽኑ ወረቀት ተዘርግቶ ሲታይ የተቀደደ፣ ከጫፉ የተላቀቀ ወይም የተኮማተረ ከሆነ ያ ምርት ዳግመኛ አይገዛም። ወረቀቱ ደኅና ሆኖ በእጥፋቱ መካከል የሚያብለጨልጭ የብረት ቅርፊት ከተገኘበት ግን ማጣሪያው ሥራውን ሠርቷል፤ ቀጥሎ የሚመረመረው ሞተሩ ራሱ ነው።