የዓባይ ተፋሰስ አፈር፡- ከ40 ዓመታት ልኬት የተገኘው ትምህርት

የዓባይ ተፋሰስ በአማራ፣ በኦሮሚያ እና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልሎች የተዘረጋ፣ ወደ 200 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ነው። ከግሽ ዓባይ እና ከጣና ዙሪያ የሚነሳው ውኃ በሽሎን፣ ጀማን፣ ሙገርን፣ ጉደርን፣ ዴዴሳን፣ ዳቡስን እና በለስን እያከለ በዓመት በአማካይ 50 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ሆኖ ወደ ድንበር ይደርሳል። ከውኃው ጋር የሚወርደው አፈር ደግሞ በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሚሆን ጥናቶች ይገምታሉ።

ይህ አፈር የማሳው የላይኛው እና ለሙ ክፍል ነው። አርሶ አደሩ በየዓመቱ ከጥር ወር ጀምሮ ለሳምንታት ጉልበቱን በነጻ የሚሰጥበት የተፋሰስ ልማት ሥራ ዓላማም አፈሩን በቦታው ማስቀረት ነው። ይህ ጉልበት የት ቦታ ቢውል የበለጠ አፈር ያድናል? ለዚህ ጥያቄ በተፋሰሱ ውስጥ ከ40 ዓመታት በላይ የተሰበሰበው ልኬት መልስ አለው። አፈሩ ክረምቱን ሙሉ በእኩል መጠን አይታጠብም፤ ከሁሉም መሬት እኩል አይሄድም።

ልኬቱ እንዴት ተጀመረ?

በተፋሰሱ ላይ የመጀመሪያው ሰፊ ጥናት የተካሄደው እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 በኢትዮጵያ መንግሥት እና በአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ትብብር ነው። በዋናው ወንዝ ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያ እና የድንበር ግድብ ተብለው የሚታወቁት አራት የግድብ ቦታዎች የተመለከቱት በዚሁ ጥናት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የዓባይ ተፋሰስ የተቀናጀ ልማት ማስተር ፕላን ተዘጋጅቷል። እነዚህ ሰነዶች ተፋሰሱን ከላይ ሆነው በስፋት የሚያዩ ነበሩ። በአንድ ማሳ እና በአንድ ጅረት ላይ ምን እንደሚከሰት ለማወቅ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ መለካት ያስፈልግ ነበር።

ይህ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 በግብርና ሚኒስቴር እና በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር በተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በሀገሪቱ የተለያዩ የአየር ንብረት ቀጣናዎች የመለኪያ ጣቢያዎችን ከፈተ። ከእነዚህም በዓባይ ተፋሰስ ውስጥ የሚገኙት በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ እና በምዕራብ ጎጃም አንጀኒ ናቸው። አንጀኒ ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ የምትገኝ፣ ከ110 ሄክታር ጥቂት የምትበልጥ አነስተኛ ተፋሰስ ስትሆን ልኬቱ የተጀመረባት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው።

አለካኩ ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ዝናብ ዘንቦ የጅረቱ ውኃ መደፍረስ ሲጀምር የጣቢያው ሠራተኛ በየ10 ደቂቃው የውኃውን ከፍታ ያነባል፤ አንድ ሊትር ውኃም ይቀዳል። ውኃው እየጠራ ሲሄድ የመቅጃው ጊዜ ይራዘማል። የተቀዳው ውኃ ይጣራል፤ የቀረው አፈር ደርቆ ይመዘናል። ይህ ሥራ ሌሊትም ሆነ ቀን፣ በዓልም ሆነ የሥራ ቀን፣ ለዓመታት ሳይቋረጥ ሲደጋገም አፈሩ የሚሄድበትን ጊዜ እና መጠን በትክክል ማወቅ ይቻላል።

የምርምር ፕሮግራሙ መሥራች ፕሮፌሰር ሃንስ ሁርኒ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባቀረቡት ግምት በሀገሪቱ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር በዓመት ይታጠባል። ይህ መጠን በማሳው ላይ ሲሰላ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ይሆናል። ለአንድ ክረምት ዓይን የማይሞላ ቢመስልም በ25 ዓመት ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አባት ለልጁ የሚያወርሰው ማሳ፣ ስፋቱ ሳይቀንስ ጥልቀቱ ይቀንሳል ማለት ነው።

አፈሩ የሚሄደው መቼ ነው?

በአንጀኒም ሆነ በሌሎች ጣቢያዎች ተደጋግሞ የታየው ውጤት አንድ ነው። በአንድ ሊትር ጎርፍ ውስጥ ያለው የአፈር መጠን ከፍተኛ የሚሆነው በክረምቱ መግቢያ፣ በሰኔ እና በሐምሌ ነው። በነሐሴ መጨረሻ እና በመስከረም ጅረቱ ሞልቶ ቢፈስስም ውኃው ጠራ ያለ ነው።

ምክንያቱ ከአስተራረሱ ጋር የተያያዘ ነው። ለጤፍ የሚዘጋጅ ማሳ ተደጋግሞ ታርሶ እና ለስልሶ ዘሩ እስኪዘራ ድረስ ገላጣውን ይቆያል። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናቦች የሚያገኙት ይህንን ልል አፈር ነው። ቡቃያው አድጎ መሬቱን ሲሸፍን ግን የዝናቡ ጉልበት ይሰበራል።

በጎጃም እና በጎንደር አርሶ አደሮች ውኃ እንዳይተኛባቸው በማረሻ የሚያወጡት የውኃ መውረጃ ቦይ፣ በአካባቢው አጠራር ፈሰስ፣ ከዚህ ጋር አብሮ ተጠንቷል። ፈሰስ ሰብሉን ከውኃ መተኛት ይታደጋል። ይሁን እንጂ አወራረዱ ቀጥ ያለ ከሆነ እና መድረሻው በሣር ካልተሸፈነ፣ የላይኛው ጎረቤት ፈሰስ በታችኛው ጎረቤት ማሳ ላይ ቦረቦር ይከፍታል። ስለዚህ የፈሰሱ መድረሻ ጎረቤታሞች ተነጋግረው የሚወስኑት ሊሆን ይገባል።

አፈሩ የሚሄደው ከየት ነው?

ከባሕር ዳር በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአዴት መንገድ በሚገኘው የደብረ ማዊ ተፋሰስ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እና የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓመታት ጥናት አካሂደዋል። ውጤቱ በተለምዶ ከሚታሰበው የተለየ ነበር። ጎርፍ የሚመነጨው ከተዳፋቱ ነው ተብሎ ቢታመንም፣ በአብዛኛው ተዳፋት ላይ አፈሩ ውኃ የማስረግ አቅሙ ከሚዘንበው ዝናብ ይበልጥ ነበር። የሰረገው ውኃ በውስጥ ለውስጥ ወርዶ በረባዳው መሬት ይጠራቀማል። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ረባዳው ውኃ ይጠግብና ተጨማሪ ጠብታ መያዝ ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ በዚያ መሬት ላይ የሚዘንበው ሁሉ ጎርፍ ይሆናል። ከተዳፋቱ ጎርፍ በብዛት የሚያመነጨው አፈሩ ተሸርሽሮ ጠንካራ ንጣፍ ወይም ዓለት የቀረበው የተራቆተ መሬት ነው።

ይህ ግኝት የቦረቦርን አፈጣጠርም አብሮ ያስረዳል። በረባዳው ቦታ የከርሰ ምድር ውኃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ ሲወጣ የቦረቦሩ ግድግዳ ይርሳል፤ ይከብዳል፤ ከዚያም ይደረመሳል። የተደረመሰውን አፈር ቀጣዩ ጎርፍ ይጠርገዋል። በደብረ ማዊ በተለካው መሠረት ከቦረቦር የሚሄደው አፈር ከማሳው ላይ ከሚታጠበው በብዙ እጥፍ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል።

እርከን ምን ይሠራል? ምን አይሠራም?

እ.ኤ.አ. በ1986 በአንጀኒ ፋንያ ጁ የሚባለው የእርከን ዓይነት ተሠርቷል። በእርከኖቹ መካከል አፈር እየተጠራቀመ በዓመታት ውስጥ ተዳፋቱ ደረጃ እየሠራ መጥቷል። በምርምር ጣቢያዎቹ በተደረገው ንጽጽር እርከን የሚታጠበውን አፈር በግልጽ ቀንሷል።

በሌላ በኩል በዚያው ንጽጽር ምርቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አልጨመረም። እርከኑ ራሱ ከማሳው ቦታ ይወስዳል። ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ ከእርከኑ ጀርባ ውኃ ይተኛል፤ አረም ይበዛል፤ አይጥም ይጠለልበታል። አርሶ አደሩ በዘመቻ የተሠራውን እርከን አንዳንድ ጊዜ መልሶ የሚያርሰው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። ስለሆነም ዝናብ በሚያጥርበት አካባቢ ውኃን በቦታው የሚይዝ ደልዳላ እርከን ተመራጭ ሲሆን፣ ዝናብ በሚበዛበት የጎጃም ደጋ ግን ትርፍ ውኃን በቀስታ የሚያስወጣ ዘንበል ያለ እርከን ያስፈልጋል። የሚወጣው ውኃም በሣር የተሸፈነ መውረጃ ሊኖረው ግድ ነው።

በደብረ ማዊ ከእርከን ጋር የተቆፈሩት የማስረጊያ ቦዮች በመጀመሪያ ጎርፉን እና ደለሉን ቀንሰዋል። ነገር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በደለል ተሞልተዋል። በየዓመቱ አዲስ ቦታ ከመቆፈር ይልቅ ቀድሞ የተሠራውን መጥረግ እና መጠገን የሚሻልበት ጊዜ መኖሩን ይህ ያመለክታል።

ቦረቦርን በተመለከተም ወቅቱ ወሳኝ ነው። ጥልቅ እና ሰፊ ከሆነ በኋላ የሚሠራ የድንጋይ ወይም የጋቢዮን ክትር ወጪው ከባድ ነው፤ ውኃው በጎን ቆርጦ ወይም ከሥር ሰርስሮ ሊጥለውም ይችላል። ገና ጥልቀት ያልያዘ ቦረቦር ግን በአካባቢው ጉልበት ይገታል። አናቱን ገደል ሆኖ እንዳይቀር ማዘንበል፣ በድንጋይ ማልበስ፣ ሣር መትከል እና ከብት እንዳይገባ መከልከል ውጤት አሳይተዋል። የሚበቅለው ሣር ታጭዶ ለከብት መኖ ስለሚሆን ጥበቃው ለባለቤቱ ጥቅም ያስገኛል።

ጥቅም ያለው ጥበቃ

በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ የታየው ለውጥም ይህንኑ ያጠናክራል። አርሶ አደሮች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ከሰብል ጋር እያፈራረቁ በመትከል ከሰሉን ለገበያ አቅርበዋል። ችግኙ ከጤፍ ጋር ይተከላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቆርጦ መሬቱ እንደገና ይታረሳል። በዚህም ተራቁቶ የነበረ ተዳፋት ያለ ዘመቻ በዛፍ ተሸፍኗል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን ያጠቃው በሽታ ደግሞ ኑሮን በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ መመሥረት አደጋ እንዳለው አሳይቷል።

ከማሳው እስከ ከተማው

ከጉመራ እና ከርብ የሚወርደው ደለል በፎገራ ሜዳ እና በጣና ሐይቅ ያርፋል። ጣና 3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ቢኖረውም አማካይ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር ያነሰ ስለሆነ ደለል በቀላሉ ይጎዳዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መከሰቱ የታወቀው የእምቦጭ አረም በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻዎች በስፋት የተስፋፋውም ከማሳ እና ከከተማ የሚወርደው ንጥረ ነገር ስለሚመግበው ነው። አረሙን መንቀል ብቻውን የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው። የከተማ ነዋሪውም ቆሻሻ ውኃን ወደ ሐይቁ በመልቀቅ የችግሩ አካል ይሆናል።

በሜጫ የሚገኘው የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ ይዞ 7 ሺህ ሄክታር እንዲያለማ የተሠራ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል። እንደ ቆጋ ያለ አነስተኛ ግድብ በደለል የሚሞላው ከትልቁ ቀድሞ ነው። በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው የሮዛሪስ ግድብ ከመያዝ አቅሙ ጉልህ ድርሻውን በደለል አጥቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ከፍታው እንዲጨመር መደረጉ ለዚህ ምስክር ነው።

ልኬቱ ለሥራው የሚሰጠው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ገና ያልጠለቁ ቦረቦሮች ይለዩ፤ አናታቸው በበጋው ይያዝ። ሁለተኛ የተራቆተው ተዳፋት እና ውኃ የሚጠግበው ረባዳ ከልቅ ግጦሽ ተጠብቀው ሣር ይልበሱ። ሦስተኛ ነባር እርከኖች እና ቦዮች ከሰኔ በፊት ይጠረጉ፤ አወራረዳቸውም የአካባቢውን ዝናብ ያገናዘበ ይሁን። የእርከን ርዝመት በኪሎ ሜትር መቆጠሩ ለሪፖርት ይጠቅማል። የሥራው ውጤት የሚታወቀው ግን በሐምሌ ከተፋሰሱ ሥር የሚወርደው ውኃ ከአምናው ይልቅ ሲጠራ ነው።