አማካሪ የምትለዋ መስመር

ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብቶ በታይፕ የተመቱ የመመረቂያ ጽሑፎችን ያገላበጠ ሰው አንዲት መስመር ሳያጋጥመው አይቀርም። ከርእሱ በታች የተማሪው ስም ይሰፍራል፤ ወረድ ብሎ ደግሞ «አማካሪ» ከምትል ቃል ጎን የሌላ ሰው ስም ይገኛል። ተመራማሪ ሲመጣ ተማሪውን ይጠቅሳል፤ ያም የሚገባ ነው። አማካሪውን ግን የሚያነሣው የለም። እኔ ዛሬ ስለዚያች መስመር መጻፍ የፈለግሁት፣ ስለ አሶሳና ስለ ቤኒሻንጉል ከምናውቀው ታሪክ ብዙው ከእርሷ በስተጀርባ ባሉ ሰዎች ትዕግሥት የተገኘ በመሆኑ ነው።

ነገሩ ከሥሩ ይጀመር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። በ1961 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶም የጥናትና ምርምር ተቋሙ ተቋቋመ። በእነዚያ ዓመታት የታሪክ ትምህርት ክፍሉን ካቀኑትና ከመሩት መካከል ስዊድናዊው ስቬን ሩበንሰን አንዱ ናቸው። ሩበንሰንን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በ1964 ስለ ውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ባሳተሙት ጥናትና በ1976 ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት መጠበቅ በጻፉት ትልቅ መጽሐፍ ነው። የውጫሌው ነገር የዞረው በአንድ ግሥ ላይ ነበር፤ አማርኛው ለንጉሡ ፈቃድ የሰጠውን ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ምንጩን በራሱ ቋንቋ አንብብ፣ አንዲትም ቃል ብትሆን ሳትመረምር አትለፍ።

ይህ ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም። የትምህርት ክፍሉ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪያቸው ጽሑፍ ማቅረብ ነበረባቸውና፣ ብዙዎቹ ወደ ተወለዱበት አገር እየሄዱ ከሽማግሌ አፍ ታሪክ ቃርመው ተመለሱ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የመሰሉ ታላላቅ የታሪክ ጸሐፊዎች እነዚህን ወረቀቶች እንደ ቁም ነገር ምንጭ ተጠቅመውባቸዋል። ባሕሩ ራሳቸው በ1976 ለንደን ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ስለ ኢትዮጵያና ሱዳን የምዕራብ ድንበር ነበርና የእነዚያን የተማሪ ወረቀቶች ዋጋ ያውቁታል።

ከወረቀቶቹ አንዱ በ1973 ስለ ሼኽ ኾጀሌ አል-ሐሰንና ስለ ቤላ ሻንጉል የተጻፈው ነው። ሼኽ ኾጀሌ ማን እንደነበሩ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። የአሶሳና የአካባቢው ምድር ወርቅ የሚታጠብበት በመሆኑ የብዙ ኃይሎች ዐይን አርፎበት ኖሯል። በ1821 ሱዳንን የወረረው የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዐሊ ጦር እስከ ፋዙግሊ የዘለቀው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር። በ1898 የራስ መኰንን ዘመቻ አገሩን ወደ ምኒልክ ግዛት አስገባው፤ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የድንበር ውልም ይህንኑ አጸና። ከአካባቢው ባላባቶች መካከል ጎልተው የወጡት ሼኽ ኾጀሌ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1938፣ በዚያ አገር ታሪክ ውስጥ ስማቸው አልጠፋም። ለአዲስ አበባ ወርቅ ይገብሩ ነበር። በባሪያ ንግድም እጃቸው ነበረበት።

እኔ ይህን ሁሉ የተማርሁት ከአማካሪዬ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የታሪክ ተማሪ ሳለሁ ስለ አሶሳ ልጽፍ አሰብሁና ሦስት ገጽ የሚሆን ሐሳብ ይዤ ቢሯቸው ገባሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ በሕይወት ሳሉ ምስጋና ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞሩ ነበርና። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ቤኒ ማለት በዐረብኛ ልጆች ማለት ስለሆነ ቤኒሻንጉል የሻንጉል ልጆች ማለት ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። በወረቀቱ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቃል ብቻ አሰፈሩ፤ «ማን ነገረህ?»

መልስ አልነበረኝም። ሳይቆጡ ከመደርደሪያቸው የአሌሳንድሮ ትሪዉልዚን መጽሐፍ አወረዱ፤ በ1981 የታተመው ይህ ሥራ ስለ ጨው፣ ስለ ወርቅና ስለ ሥልጣን ሕጋዊነት ነው። በሽፋኑ ላይ «ቤላ ሻንጉል» ይላል። «እርሱ ቤላ ይላል፣ አንተ ቤኒ ትላለህ። እኔ በርታኛ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። የሚያውቁት እዚያ ናቸውና ሂድና ጠይቅ» አሉኝ። ከዚያም አንድ ደብተር ሰጡኝ። «የምትሰማውን በቀኙ ገጽ ብቻ ጻፍ፤ ግራውን ባዶ ተወው። የነገረህ ሰው ነገ ተመልሶ ሲያርምህ የሚገባው እዚያ ነው» አሉኝ።

ከአውቶቡስ ተራ ተነሥቼ በነቀምትና በመንዲ አድርጌ፣ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ አሶሳ ደረስሁ። አንድ ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌ በአስተርጓሚ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «በለ» በበርታኛ ድንጋይ ነው፤ ሻንጉል በመንጌ በኩል የምትከበር ዐለት ናት፤ «ቤኒ» ያደረጋት ዐረብኛ ተናጋሪው ነው ብለው አስረዱኝ። በማግሥቱ ልጃቸውን ልከው አስጠሩኝና ትላንት ያሉኝን የአንድ አባት ስም አረሙ። ያ እርምት የገባው በግራው ገጽ ነበር። አማካሪዬ እዚያ ሳይሆኑ ሥራውን ሲመሩት የተሰማኝ ያን ዕለት ነው።

ግን ከዚህ የከበደ ነገር መጣ። ስለ ባሪያ ንግድ ስጠይቅ ሰው ዝም ይለኝ ጀመር። በአንድ መንደር የሸጠውም የተሸጠውም ሰው የልጅ ልጅ አብሮ ቡና ይጠጣል። ተመልሼ ቅሬታዬን ስነግራቸው፣ «መረጃ አልሰጥ አሉኝ» ማለቴን አልወደዱትም። «እነዚህ ሰዎች የመረጃ ጎተራ አይደሉም። የሚያፍሩበትን ከነገሩህ አደራ ሰጥተውሃል ማለት ነው። ሰዉ ሳይዋረድ፣ ነገሩም ሳይሸፈን የሚጻፍበትን መንገድ እስክታገኝ ድረስ አትቸኩል» አሉኝ። ያን ምዕራፍ አራት ጊዜ አስጻፉኝ። አራት ጊዜም እያንዳንዱን መስመር አነበቡት። በኋላ ፕሮፌሰር አብዱስሰመድ አሕመድ በ1999 ስለ ቤላ ሻንጉልና ስለ ጉሙዝ የባሪያ ንግድ ያሳተሙትን ጥናት ሳነብ፣ ይህ ጉዳይ ሳይሸፋፈንም ሳይጋነንም ሊጻፍ እንደሚችል ዳግመኛ አየሁ።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል። እውነት ነው፤ ግን እንዴት እንደሚጠየቅ የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። አማካሪዬ በዚያ ዓመት በእኔ ምክንያት የራሳቸውን ጽሑፍ አቆይተዋል። የእኔ ምዕራፍ አራት ጊዜ ሲነበብ የእርሳቸው አንድ ጽሑፍ ከጠረጴዛው ሳይነሣ ከረመ። ይህ ዐይነቱ ወጪ በየትኛውም የዕድገት መመዘኛ ላይ ነጥብ አያሰጥም። አገር ግን የሚቆመው እንዲህ ባለው ወጪ ነው።

ዛሬ አሶሳ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ልጆች ታሪካቸውን ለመጻፍ ስድስት ኪሎ ድረስ መምጣት ግድ አይሆንባቸውም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ሕንጻና ወረቀት ብቻውን የታሪክ ጸሐፊ አያወጣም። አማካሪው ብዙ ተማሪ ተሸክሞ ጽሑፋቸውን በፊርማ ብቻ ሲያሳልፍ፣ ተማሪውም የሌላውን ገልብጦ ሲያቀርብ አይተናል። እንዲህ በሆነ ቁጥር የሚጠፋው ተማሪው ያላነጋገራቸው ሽማግሌ ቃል ነው። ሽማግሌው ደግሞ የሚመጣውን ዓመት አይጠብቁም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ። በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀመጥ የተማሪው ደብተርም አብሮ ይቀመጥ፤ በኅዳጉ የተጻፈው የአማካሪው ጥያቄም አይጣል። የእኔ ደብተር ዛሬም አለኝ፤ ቀኙ ገጽ ሞልቷል፣ ግራው ግማሹ ባዶ ነው። ከሁሉ በላይ የምሳሳለት ግን ደብተሩ ውስጥ አጣጥፌ ያኖርሁት ያ የመጀመሪያ ወረቀት ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፤ «ማን ነገረህ?» የሚለው ግን አሁንም ይነበባል።