ከአምስት ኪሎ እስከ ጃንሜዳ፦ የቤተ መንግሥት ደጅ የቤተሰብ መዋያ የሆነበት መንገድ

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን በስማቸው ለተሰየመው ዩኒቨርሲቲ አስረከቡ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዚያ በር የሚገባው በአብዛኛው ባለሟል፣ ሹም ወይም ጉዳይ ይዞ ደጅ የሚጠና ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት የመጣ የገበሬ ልጅ ደብተሩን ይዞ ገባበት። ዛሬ ደግሞ ማንኛውም ወላጅ ልጆቹን አስከትሎ፣ መጠነኛ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ያድሩበት የነበረውን መኝታ ቤት በዓይኑ ያያል።

ቅዳሜና እሑድ በደረሰ ቁጥር በብዙ የአዲስ አበባ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው? ካፌ ከተገባ ኬኩና ጭማቂው ብቻ ኪስ ያራቁታል። የልጆች መጫወቻ ያላቸው የገበያ ማዕከሎችም ሦስት ልጅ ላለው ደመወዝተኛ በየሳምንቱ የሚደፈሩ አይደሉም። ከአምስት ኪሎ ተነስቶ በስድስት ኪሎ በኩል እስከ ጃንሜዳ የሚዘልቀው መንገድ ግን በእግር የሚያልቅ፣ ለልጅ ጉልበት የማይከብድና ቀኑን ሙሉ የሚያውል ነው። በዚህ መስመር ካሉት ቦታዎች የሚበዙት በአንድ ወቅት የዘውዱ ነበሩ። ወደ ሕዝብ እጅ የገቡትም ደም በፈሰሰበት ታሪክ ውስጥ አልፈው ነው። እንዲህ ያለ ርስት ደግሞ ባለቤቱ ካልተመላለሰበት ይጠፋል።

ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ

ጉዞው ከብሔራዊ ሙዚየም ቢጀምር ይመረጣል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችውን ድንቅነሽን የማያውቅ ተማሪ የለም። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ከአጽሟም 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው ተገኝቷል። ዋናው አጽም በጥንቃቄ ተቀምጦ፣ ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው ነው። ቁመቷ ከአንድ ትንሽ ተማሪ እንደማይበልጥ ሲያዩ ልጆች በመገረም አጠገቧ ቆመው ራሳቸውን ይለካሉ።

ለሕፃናት ይበልጥ የምትቀርባቸው ግን ሰላም ናት። በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ፣ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በመሩት ቡድን የተገኘችው ሰላም ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች። ከድንቅነሽ በዕድሜ ትቀድማለች፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት አስቆጥራለች። በእናቷ እቅፍ ላለች ሕፃን የእኩያዋን ታሪክ እዚያው ቆሞ መንገር ከመማሪያ መጽሐፍ በላይ በልብ ይቀራል።

ምጽዋት ሊቀበሉ የገቡ

ከሙዚየሙ ወጥቶ ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጣ የሰማዕታት ሐውልት ከአደባባዩ መካከል ይታያል። ወላጅ ልጆቹን እዚህ ሳያቆም ባያልፍ ጥሩ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያው እንደራሴ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ግቢ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ ሰብስቦ ነበር። አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። የጣሊያን ወታደሮች በግቢው ውስጥ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ከፈቱ፤ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ በከተማዋ ሰው ሲገድሉና ቤት ሲያቃጥሉ ሰነበቱ።

ያን ቀን በዚያ በር ከገቡት ብዙዎቹ ጥቂት ብር ፈልገው የመጡ ችግረኞች ነበሩ። ዛሬ ልጆቻችንን እጃቸውን ይዘን በዚያው ግቢ ስንገባ ከእነዚያ ሰዎች ቀጥለን መግባታችን ነው። በየዓመቱ የካቲት 12 አርበኞች ሜዳልያቸውን ደርድረው፣ ጎፈራቸውን ደፍተው በሐውልቱ ሥር ሲሰበሰቡና የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ ማንም ሰው ያለ ክፍያ መገኘት ይችላል። ልጅን አንድ ጊዜ እዚያ ማቆም ብዙ ያስተምራል።

በግቢው ውስጥ፣ ከቀድሞው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ ወደ የትም የማያደርስ የድንጋይ ደረጃ ቆሟል። ኢጣሊያኖቹ የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ፋሺስቶች በሥልጣን ላይ ለቆዩበት አንድ ዓመት እንዲቆም ታስቦ ነበር። ከነፃነት በኋላ ኢትዮጵያውያን ደረጃውን አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። ልጆች እርከኖቹን እየቆጠሩ ይውጡ፤ አንበሳው ለምን ከላይ እንደተቀመጠ ሲጠይቁ መልሱ እዚያው አለ።

ከ1955 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የሚገኘው በዚሁ ቤተ መንግሥት ነው። የተቋሙ ሙዚየም ዕቃዎቹን የደረደረው በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ነው፤ ከልደትና ከልጅነት ተነስቶ፣ በጉልምስና በኩል አልፎ እስከ ሞትና ከሞት በኋላ ያደርሳል። ስለዚህ ሕፃናቱ በመጀመሪያ የሚያገኙት የልጅነትን ዓለም ነው። ከዚያ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ይከተላል። መስተዋቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ ይታያል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜ ከመኳንንቱና ከሚኒስትሮቹ ብዙዎች በዚሁ ቤት በአረንጓዴው ሳሎን ተረሽነዋል፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ቤተ መንግሥቱ ለተማሪዎች የተሰጠው ከዚህ አንድ ዓመት በኋላ ነው።

የዘውዱ አንበሶች፣ የሁላችን ሜዳ

በስድስት ኪሎ ያደገ ሰው ሁሉ አንበሳ ግቢን ያውቃል። አንበሳ የዘውዱ ምልክት ስለነበር ነገሥታቱ በቤተ መንግሥታቸው ያኖሩት ነበር። በ1940 ዓ.ም. ገደማ ከገነተ ልዑል አቅራቢያ የተቋቋመው ግቢ ግን አንበሳን ለተራው ሕዝብ አሳየ። ትውልድ ከትውልድ አባቶች ልጆቻቸውን በትከሻቸው ተሸክመው አሳይተውበታል፤ የበዓል ልብስ የለበሱ ቤተሰቦች የመታሰቢያ ፎቶ ተነስተውበታል። በ2005 ዓ.ም. ይፋ የሆነ የዘረመል ጥናት ደግሞ በዚያ ከነበሩት 15 አንበሶች ናሙና ወስዶ፣ ጋማቸው የጠቆረውና እስከ ደረታቸው የሚወርደው እነዚህ አንበሶች በዘራቸው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። በአነስተኛ ክፍያ ይጎበኝ የነበረው ግቢ ለዓለም ሳይንስ የሚተርፍ ሀብት ይዞ ኖሯል ማለት ነው።

ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ጃንሜዳ ነው። በ1909 ዓ.ም. ከሰገሌ ጦርነት የተመለሰው ሠራዊት ድሉን ያሳየው በዚህ ሜዳ ነበር። የፈረስ ውድድሩ፣ ጉግሱ፣ የገና ጨዋታው፣ የአገር አቋራጭ ሩጫው ሁሉ በዚህ ሣር ላይ አልፏል። ከሁሉ በላይ ግን ጃንሜዳ የጥምቀት ነው። በከተራ፣ ጥር 10፣ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወርደው እዚህ ያድራሉ፤ በማግስቱ ሕዝቡ ጸበል ተረጭቶ፣ በእልልታና በሆታ አጅቦ ይመልሳቸዋል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለለት በዓል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ከመላው ዓለም ሰው የሚመጣለትን ይህን በዓል ለማየት ትኬት የሚባል ነገር የለም።

ሜዳው ግን ራሱን አይጠብቅም። በዚያው በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ፣ መጨናነቅ እንዲቀንስ ተብሎ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ችግሩ እውነተኛ ስለነበር ውሳኔው የሚያስወቅስ አይደለም። ይሁንና ሜዳው በጥቂት ወራት ጭቃና የበሰበሰ አትክልት ሞላበት። የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ተነሳ፤ ወጣቶች አካፋና መጥረጊያ ይዘው ወጥተው ሜዳውን ለበዓሉ አደረሱት። ሕዝቡ የሚውልበት ሜዳ ስለነበር ለማጽዳትም ሕዝቡ ወጣለት።

የቤተ መንግሥት በር መከፈቱ በኋላም ቀጥሏል፤ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ከፊሉ አንድነት ፓርክ ሆኖ ለጎብኚ ተከፍቷል። የተከፈተ በር ክፍት ሆኖ የሚቆየው ግን የመግቢያ ዋጋው የቀን ሠራተኛን ቤተሰብ የማያስቀር ሲሆን ነው። ስለዚህ በየሙዚየሙ ለቤተሰብና ለተማሪ የተለየ ዋጋ ይኑር፤ አረጋውያን የሚያርፉበት አግዳሚ ወንበርና ለሕፃናት የሚመች ንጹሕ መጸዳጃ ይዘጋጅ። ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎቻቸውን በዓመት አንድ ቀን በዚህ መንገድ ያሳልፉ። ወላጆች ደግሞ ቆሏቸውንና ውኃቸውን ቋጥረው፣ ጫማቸውን አጥብቀው ይውጡ፤ የሚያውቁትን ለልጆቻቸው ይንገሩ፣ የማያውቁትን አብረው ይጠይቁ። ዛሬ በዚህ መንገድ የተመላለሰ ልጅ ነገ የከተማ አስተዳዳሪ፣ የሙዚየም ኃላፊ ወይም ግብር ከፋይ ሆኖ ስለ እነዚህ ቦታዎች ሲወስን፣ የራሱን ቤት የሚጠብቅ ሰው ልብ ይኖረዋል።