ከሬዲች እስከ ማድራስ፦ የ«ቡሌት» ሞተር ብስክሌት የምርት ታሪክና የሞዴል ለውጦች

በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች ለሕዝብ ማመላለሻነት የሚያገለግሉት ባለሦስት እግር ተሽከርካሪዎች «ባጃጅ» የሚለውን መጠሪያ ያገኙት ከሕንዱ አምራች ኩባንያ ነው። ኩባንያው በ1960ዎቹ የጣሊያኑን ቬስፓ በፈቃድ በማምረት ያደገ ሲሆን፣ በሕንድ በዚሁ መንገድ ሥር ከሰደዱት ምርቶች መካከል «ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት» የተባለው የብሪታንያ ሞተር ብስክሌት በቀዳሚነት ይጠቀሳል። በዚህ ጽሑፍ የቀረቡት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮያል ኢንፊልድ በእንግሊዝ ሬዲች ከተማ የመጀመሪያውን ሞተር ብስክሌት የሠራው በ1901 ሲሆን፣ ቡሌትን ለገበያ ያቀረበው በ1932 ነው። ሞዴሉ በባለ250፣ በባለ350 እና በባለ500 ሲሲ ሞተሮች ቀርቦ ነበር። በ1949 የወጣው አዲሱ ባለ350 ሲሲ ቡሌት የኋላ ጎማው ከመንገዱ ጋር ከፍና ዝቅ እንዲል የሚያስችል ሹካና በዘይት የሚሠራ ሾክ አብዞርበር የተገጠመለት በመሆኑ ለወጣ ገባ መንገድ ተስማሚ ሆኗል። ባለ500 ሲሲው በ1953 ተከትሏል።

የሕንድ መንግሥት በ1950ዎቹ ለድንበር ጥበቃ 800 ባለ350 ሲሲ ቡሌቶችን አዘዘ። ይህንኑ ተከትሎ በ1955 የሬዲቹ ኩባንያ ከማድራስ ሞተርስ ጋር በመሆን «ኢንፊልድ ኢንዲያ»ን በዛሬዋ ቼናይ፣ በቀድሞዋ ማድራስ አቋቋመ። ፋብሪካው ሥራውን የጀመረው ከእንግሊዝ የሚላኩ ክፍሎችን በመገጣጠም ነበር። በ1957 የመለዋወጫ ማምረቻ መሣሪያዎች ለሕንዱ ኩባንያ የተሸጡ ሲሆን፣ በ1962 ሁሉም ክፍሎች በአገር ውስጥ መመረት ቻሉ።

በዚያው ዓመት ቡሌት በብሪታንያ መመረቱ ቆመ፤ የሬዲች ፋብሪካም በ1967 ተዘጋ። እናት ኩባንያው በ1970 ማምረቱን ሲያቋርጥ የማድራሱ ፋብሪካ ሥራውን ቀጥሎ፣ በ1977 ቡሌትን መልሶ ወደ ብሪታንያ መላክ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የተደረጉት የሞዴል ለውጦችም የሕንዱ ኩባንያ ውጤቶች ናቸው። ባለ500 ሲሲ ቡሌትም ወደ ምርት ገባ። ኩባንያው በ1994 ከአይሸር ጋር ከተዋሐደ በኋላ ሮያል ኢንፊልድ የሚለውን ስም ያዘ። በ1999 በኦስትሪያው ኤ.ቪ.ኤል. እገዛ የተሠራ የአሉሚኒየም ሞተር፣ በ2008 ደግሞ ሞተሩንና ካምቢዮውን በአንድ አካል ያዋሐደ ንድፍ ተጀመረ። የብረት ሞተሩ ምርት በ2010 ያበቃ ሲሆን፣ በ2023 አዲስ ሞተር ያለው ቡሌት 350 ለገበያ ቀርቧል።

የዚህ ምርት ዕጣ የተወሰነው ከ1955 እስከ 1962 በነበሩት ሰባት ዓመታት ነው። ሥራው በመገጣጠም ብቻ ተወስኖ ቢሆን ኖሮ የሬዲች መዘጋት የማድራስንም በር በዘጋ ነበር። ተሽከርካሪ በመለዋወጫ እጦት መቆሙ የዕለት ተዕለት ችግር ለሆነባቸው መሥሪያ ቤቶችም ሆነ የመገጣጠሚያ ፕሮጀክቶችን ለሚመረምሩ ኃላፊዎች ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው በዓመት የሚገጣጠመው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ የማምረቻ መሣሪያውና ሙያው የሚተላለፍበት ጊዜ ጭምር ነው።