ከሰባቱ ሁለቱ፤ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የሕክምና ትምህርት ቤቶች

የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት አብርሃም ፍሌክስነር በ1910 ዓ.ም. ያወጣውን ዘገባ እንደ አዲስ ዘመን መክፈቻ ይቈጥሩታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ነገር ግን ይኸው ዘገባ ለአንዱ ወገን የከፈተውን በር በሌላው ወገን ላይ እንደ ዘጋ ብዙ ጊዜ አይነገርም። እኔም ለመመርመር ያሰብሁት ይህንኑ ነው።

በሩ ቀድሞውንም ቢሆን ሰፊ አልነበረም። ጀምስ መኪዩን ስሚዝ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የአገሩ ኮሌጆች ስላልተቀበሉት ባሕር ተሻግሮ በ1837 ከግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዲግሪ ለመቀበል ተገደደ። በ1850 የሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ማርቲን ዲሌኒንና ሌሎች ሁለት ጥቁር ተማሪዎችን ተቀብሎ ነበር፤ ዳሩ ግን ከነጮቹ ተማሪዎች ብዙዎቹ የተቃውሞ ጽሑፍ ፈርመው ስላቀረቡ፥ ሦስቱ የጀመሩትን ኮርስ ከጨረሱ በኋላ እንዳይመለሱ ተደረገ።

የእርስ በርሱ ጦርነት በ1865 አብቅቶ ባርነት ከተሻረ በኋላ ነጻ የወጣው ሕዝብ ሐኪም አስፈለገው። በ1868 በዋሽንግተን የሐዋርድ፥ በ1876 በናሽቪል የመሐሪ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ በ1882 ደግሞ የባፕቲስት ሚሲዮን በራሌ ከተማ ሊዎናርድ የተባለውን አቋቋመ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላደግነው ለእኛ፥ ሥራው በምጽዋት ተጀምሮ በምጽዋት እንዴት እንደሚኖር መገመት አያስቸግርም፤ መምህሩ አንድ፥ ትምህርቱ አምስት ይሆናል። ስለ መሐሪ የሚነገረው ትውፊትም ደስ የሚያሰኝ ነው። ሳሙኤል መሐሪ የተባለ ወጣት ጨው ጭኖ ሲሄድ ሠረገላው በጭቃ ተይዞበት በጨለማ ሳለ፥ አንድ ጥቁር ቤተሰብ አሳድሮ በማግሥቱ ሠረገላውን አወጣለት፤ እርሱም ኋላ ባለጸጋ በሆነ ጊዜ ከወንድሞቹ ጋር ብድሩን በትምህርት ቤት መለሰ ይባላል።

ፍሌክስነር ራሱ ሐኪም ሳይሆን በሉዊቪል ከተማ የትምህርት ቤት መምህር የነበረ ሰው ነው። የካርኔጊ ፋውንዴሽን ስለ ላከው በአሜሪካና በካናዳ ያሉትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተመለከተ። ብዙዎቹ ላቦራቶሪ የሌላቸው፥ በሽተኛ የማያሳዩ፥ በገንዘብ ዲፕሎማ የሚሰጡ መሆናቸውን በግልጥ ጻፈ፤ በዚህም ሕዝብን ጠቅሟልና ምስጋናውን ልንከለክለው አይገባም። ከሦስት መቶ ገጽ በላይ ባለው መጽሐፉ ውስጥ ግን ለጥቁሮች ትምህርት የሰጠው ሁለት ገጽ ያህል ነው። በዚያን ጊዜ ሰባት የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ሊረዱ የሚገባቸው ሐዋርድና መሐሪ ብቻ ናቸው ሲል ፈረደ። ጥቁሩ ሐኪም የራሱን ወገን ብቻ እንዲያክም፥ ይልቁንም ንጽሕና አስተማሪ እንዲሆን አሰበ፤ ለዚህም ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ በሽታው ወደ ነጮቹ ጎረቤቶች እንዳይተላለፍ ነው።

የኖክስቪሉ ትምህርት ቤት በዚያው በ1910፥ የኒው ኦርሊንሱ ፍሊንት በ1911፥ በፍሌክስነር በራሱ ከተማ በሉዊቪል ያለው በ1912፥ ሊዎናርድ በ1918፥ የሜምፊሱ በ1923 ተዘጉ። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መጫን አይገባም፤ የየስቴቱ የሕክምና ፈቃድ ሰጪዎችም ደንቡን እያጠበቁ ነበር፤ አንዳንዶቹም ትምህርት ቤቶች ቀድሞውኑ ደካሞች ነበሩ። ይሁን እንጂ የነጮች ብዙ ደካማ ትምህርት ቤቶች ቢዘጉ ለነጭ ተማሪ የሚሄድበት ሌላ ቦታ ነበረው። ሊዎናርድ ሲዘጋ ግን የሰሜን ካሮላይና ጥቁር ተማሪ በስቴቱ ውስጥ ሐኪም የሚሆንበት ትምህርት ቤት አጣ። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነበር፤ ደንቡን ለማሟላት የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን ለሁሉም አንድ አልነበረም። በእኔ አስተያየት የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

በ2020 የወጣ አንድ ጥናት አምስቱ ትምህርት ቤቶች ባይዘጉ ኖሮ እስከ 2019 ድረስ ከ35,000 በላይ ተጨማሪ ሐኪሞች ያስመርቁ እንደ ነበር ገምቷል። ያልተማረውን ሰው መቍጠር አስቸጋሪ ነውና ቍጥሩን እንደ ግምት ብቻ መያዝ ይሻላል። ጥቁሮቹ ሐኪሞች በነጮቹ ማኅበር ውስጥ ስፍራ ስላጡ በ1895 የራሳቸውን ብሔራዊ የሕክምና ማኅበር አቁመው ነበር፤ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ስለዚህ በደል ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው።

ይህ ታሪክ ከእኛም አገር ጋር ይገናኛል። መላኩ በያን ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተልኮ በ1935 በሕክምና የተመረቀው ከቀሩት ከሁለቱ ከአንዱ፥ ከሐዋርድ ነው። ፍሌክስነርም በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የባለአደራዎች ቦርድ አባል ነበር። ዶክተር መላኩ ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ቍስለኞችን ለማከም ተመለሰ፤ ኋላም በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን መሠረተ፤ በ1940 እዚያው አሜሪካ አረፈ።