ብስክሌቱ የማን ነው? የአውበሬ ነጋዴ፣ ድርጅቱና ግብሩ

«ድርጅት አቋቁምና ዕቃህን ሁሉ በድርጅቱ ስም ግዛ፤ ግብር ይቀንስልሃል» የምትለዋ ምክር ከአዲስ አበባ ተነስታ አውበሬ ደርሳለች። መጀመሪያ ስለ መኪና ነበር የሚወራው፣ ቀጥሎ ስለ ስልክና ላፕቶፕ። ነዳጅ ሲወደድ ደግሞ ከቤት ወደ ሱቅ መመላለሻ ብስክሌት ተጨመረ። ምክሯ ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም። የተወለደችው በሌላ አገር፣ በሌላ ሕግ ውስጥ ነው።

ብስክሌትንና ግብርን በማጋባት በሰፊው የምትታወቀው እንግሊዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው የፋይናንስ ሕግ፣ አሠሪ ለሠራተኛው ብስክሌት ቢያውሰውና ሠራተኛው በዋናነት ለሥራ መመላለሻ ቢያደርገው፣ ያ ጥቅም እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ግብር እንዳይከፈልበት ደነገገች። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2009 ተከተለቻት። እዚያ የራሱን ትንሽ ኩባንያ የሚመራ ሰው «አሠሪውም እኔ፣ ሠራተኛውም እኔ» ብሎ ብስክሌቱን በኩባንያው ሊገዛ ይችላል።

እኛ ጋ «አሠሪውም እኔ፣ ሠራተኛውም እኔ» ማለት እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ በሕግ መሠረት አልነበረውም። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ጀምሮት፣ እሱ ሲሞት ሌላው ፈረንሳዊ አልፍሬድ ዦፍሬ የጨረሰው የ1952ቱ የንግድ ሕግ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት አባላት፣ ቢያንስ 15,000 ብር ካፒታል እንዲኖረው አዘዘ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ሁለተኛ አባል ከየት ያምጣ? ሚስቱን አስገባ፣ ወንድሙን አስገባ፣ አንዳንዱም ለስም ያህል አንድ አክሲዮን ለአጎቱ ሰጠ። ስንቱ ቤተሰብ በዚያች ለስም በተሰጠች አክሲዮን ፍርድ ቤት እንደተካሰሰ ለጠበቆች እንተወው።

ማኅበር ያላቋቋመው ደግሞ ግለሰብ ነጋዴ ነው። የሱቁ ዕዳ የራሱ ዕዳ፣ የሱቁ ብስክሌትም የራሱ ብስክሌት ነው። «በድርጅቱ ስም» ቢል ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ያው የእሱ ስም ነው። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ፈቀደ። ባለቤቱ ቢሞት ወይም አቅም ቢያጣ የሚተካውን ሰው አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። የራሱንና የማኅበሩን ንብረት ካልለየም ያ «የተወሰነ» የተባለው ኃላፊነት ከእጁ ሊወጣ ይችላል። ብስክሌቱን ጠዋት ለሱቅ፣ ማታ ለልጆች የሚያውል ሰው ይህችን ልብ ቢላት ደግ ነው።

ታዲያ ማኅበሩ ቆመ እንበል። ብስክሌቱ ግብር ይቀንሳል ወይ?

የግብር ሕጋችን እዚህ ላይ ብዙ አልተለወጠም። የ1994ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 የግል ፍጆታ ወጪ ከገቢ ላይ አይቀነስም አለ፤ የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 979ም ያንኑ መንገድ ተከተለ። ለንግዱ የዋለው ክፍል ግን ይቀነሳል፤ እሱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በእርጅና ተቀናሽ፣ ቀስ እያለ። በ2009 በወጣው ደንብ ቁጥር 410 መሠረት ብስክሌት የሚገባው «ሌሎች ንብረቶች» ከሚባለው መደብ ነው፤ በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 15 በመቶ፣ እየቀነሰ በሚሄደው ዘዴ 20 በመቶ። ብስክሌቱ 20,000 ብር ነው ብንል፣ በሁለተኛው ዘዴ የመጀመሪያው ዓመት ተቀናሽ 4,000 ብር ነው። የድርጅት ግብር 30 በመቶ ስለሆነ በዚያ ዓመት የሚተርፈው 1,200 ብር ይሆናል። ያውም ብስክሌቱ ሙሉ በሙሉ ለንግዱ ከዋለ ነው። ግማሹ የግል ከሆነ 600 ብር።

ሌላም አለ። ከቤት ወደ ሱቅ መመላለስ ዕቃ ለደንበኛ ማድረስ አይደለም። በአዋጅ 979 የማኅበር ሥራ አስኪያጅ እንደ ተቀጣሪ ይቆጠራል፣ ተቀጣሪ በዓይነት የሚያገኘው ጥቅምም የመቀጠር ገቢ ነው። በሌላ በኩል በሥራ ውል የሚሰጥ የመጓጓዣ አበል፣ በተፈቀደው ልክ፣ ከግብር ነጻ ነው። ለባጃጅ ተብሎ በእጅ የሚሰጥ ብር ከለላ አለው፤ በዓይነት ለሚሰጥ ብስክሌት ግን እንደ እንግሊዙ ያለ የራሱ አንቀጽ አልተጻፈለትም። ሕግ አውጪዎቻችን ብስክሌትን ጠልተውት አይመስለኝም፤ ትዝ ያላቸውም አይመስለኝም።

ዋናው ኪሳራ ግን ከዚህም ይቀድማል። በአዋጅ 979 የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ነበር፤ የቁርጥ ግብር ይከፍላል፣ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አይገደድም። ማኅበር ሲያቋቁም ሽያጩ የቱንም ያህል ቢያንስ ደረጃ «ሀ» ይገባል። የ2017ቱ ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395፣ የደረጃዎቹን ወሰን ቢቀይርም የነገሩ አቅጣጫ ያው ነው። ግለሰብ ነጋዴ ከትርፉ ላይ ግብር የማይነካው መነሻ አለው፤ ማኅበር ከመጀመሪያዋ ብር 30 በመቶ ይከፍላል፣ ትርፉን ለባለቤቱ ሲያከፋፍልም ሌላ ግብር አለ። በዚያ ላይ የሒሳብ ሠራተኛ ክፍያ። 1,200 ብር ለማትረፍ።

በአውበሬ ደግሞ የወረቀቱ ጉዳይ ይጨመራል። በግንቦት 1889 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ ጋር ሲዋዋሉ ድንበሩ በዘመዳሞች መካከል አለፈ። ስለዚህም በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሳዎች ግጦሽና ውሃ እንዳይከለከሉ፣ ከዘይላ ሐረር የሚደርሰው የቅፍለት መንገድም ለሁለቱ አገሮች ንግድ ክፍት እንዲሆን ተስማሙ። ግመሉ ወረቀት ሳይጠየቅ ሲሻገር፣ የግመሉ ጭነትም አብሮ መሻገር ለመደ። በ1936 የግልና የንግድ ግብር አዋጅ ቁጥር 60 ሲታወጅ ጅጅጋን ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዝ ጦር ነው፤ የለቀቀውም በ1941 ነው። በ1970 ከተማዋ በሶማሊያ ጦር ተይዛ የካቲት 26 ቀን ተመለሰች። ተፈሪ በር ትባል የነበረችው አውበሬ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከቦረማ ጋር ስትገበያይ ኖራለች። እዚህ ነጋዴው ያመነው የዘመዱን ቃል እንጂ ደረሰኝ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

የግብር ሕጉ ግን የሚያምነው ደረሰኝ ብቻ ነው። በቶጎ ውጫሌ በኩል ያለ ዲክላራሲዮን የገባ ብስክሌት ዋጋው ረክሶ ሊገኝ ይችላል። በማኅበሩ መዝገብ ሊመዘገብ ግን አይችልም፤ ተቀናሽም ተጨማሪ እሴት ታክስም አይጠየቅበትም፣ ጉምሩክ ካገኘውም ይወርሰዋል። ደረሰኝ ያለው ብስክሌት ጅጅጋ ወይም ድሬዳዋ ተፈልጎ ሲገዛ የዋጋው ልዩነት ያቺን 1,200 ብር ሊውጣት ይችላል። ቀድሞውኑ ማኅበር ያለው፣ መዝገብ የሚይዝ፣ ዕቃም በብስክሌት የሚያደርስ ሰው ግን በደረሰኝ ገዝቶ፣ የድርጅቱን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አስጽፎ ያስመዝግበው። የቁርጥ ግብር ከፋዩ በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ ስሙ ቢገዛው ግብሩ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም።